ፌስቡክ ፒኤችፒን ለምን አልጣለም? የአንድ ኩባንያ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ውሳኔ የጉዳይ ጥናት

ፌስቡክ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2010 አንድ ያልተለመደ ሥራ ይፋ አደረገ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሂፕሆፕ የተባለው ይህ ሥራ ድረ ገጽ ለመሥራት በሚያገለግለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በፒኤችፒ የተጻፈ ኮድን ወስዶ ፈጣን ወደሆነው ሌላ ቋንቋ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚለውጥ፣ ከዚያም ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይር መሣሪያ ነበር። በዚያን ወቅት ኩባንያው 400 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ነበሩት፤ በወር ከ400 ቢሊዮን በላይ ገጾችን ያቀርብ ነበር፤ የፈለገውን መሐንዲስ ለመቅጠርም አቅም አላነሰውም። እንዲህ ያለ ኩባንያ የድረ ገጹን ኮድ በፈጣን ቋንቋ እንደገና በመጻፍ ፈንታ፣ ብዙ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ከቁም ነገር የማይቆጥሩትን ቋንቋ ይዞ ለመቆየት ሲል ሁለት ዓመት ያህል ኮምፓይለር (እንዲህ ያለ ኮድ ቀያሪ መሣሪያ) ሲገነባ መክረሙ መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ውሳኔው ግን የታሰበበት ነበር፤ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በአንድ ኩባንያ ዕጣ ላይ በየት በኩል ገብቶ እንደሚሠራ ከዚህ ጉዳይ በተሻለ የሚያሳይ ሌላ እኔ አላውቅም።

ማንም ያልመረጠው ቋንቋ

ስለ ቋንቋ ምርጫ ሲነሳ የሚታሰበን ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው፣ አማራጮችን በሰንጠረዥ ደርድረው፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥተው የሚወስኑበት ስብሰባ ነው። ፌስቡክ ሲጀመር ግን እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚያደርግ ኩባንያ ገና አልነበረም። ማርክ ዙከርበርግ ድረ ገጹን ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2004 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲከፍት የ19 ዓመት ተማሪ ነበር፤ የጻፈውም በፒኤችፒ ነበር። ለዚያ ዘመን ተማሪ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሊነክስ (ሥርዓተ ክወና)፣ አፓቺ (ድረ ገጽ የሚያቀርብ ሶፍትዌር)፣ ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዝ) እና ፒኤችፒ አራቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ በርካሽ በሚከራዩ ሰርቨሮች ላይ አስቀድመው ተጭነው የሚጠብቁ ነበሩ። ፋይሉን ጽፎ ሰርቨሩ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ገጹ ይሠራል።

ፒኤችፒ ራሱም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የነደፈው ቋንቋ አይደለም። ራስመስ ሌርዶርፍ በ1994 የግል ድረ ገጹን ለማስተዳደር ከጻፋቸው ትናንሽ መሣሪያዎች ተነስቶ፣ ሰው እየተጠቀመበትና እየጨመረበት ያደገ ነው። የአስተዳደጉ ምልክትም በየቦታው ይታያል። ለምሳሌ በፒኤችፒ ሁለት እኩል ይሆናል ምልክቶችን ተጠቅመን «10» የሚለውን ጽሑፍ «10.0» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ብናነጻጽር፣ ሁለቱም ጽሑፎች ሆነው ሳለ ቋንቋው ወደ ቁጥር ቀይሮ እኩል ናቸው ይላል። የባሰም አለ። ፒኤችፒ 8 በ2020 እስከወጣበት ጊዜ ድረስ 0 የሚለው ቁጥር «ሰላም» ከሚለው ጽሑፍ ጋር እኩል ነበር፤ ምክንያቱም ቋንቋው «ሰላም»ን ወደ ቁጥር ለመቀየር ይሞክርና ቁጥር ስላላገኘበት ዜሮ ብሎ ይወስደዋል። በአሥር መስመር ኮድ ውስጥ ይህ ብዙም አይከብድም። አንዱ የጻፈውን ሌላው በሚጠራበት፣ ከተግባሩ (በስም ከሚጠራው የኮድ ቁራጭ) ቁጥር ይመለስ ጽሑፍ ወይም ባዶ እሴት በስሙ ብቻ በሚገመትበት ሰፊ ኮድ ውስጥ ግን ስህተቱ በጻፈው ሰው ስክሪን ላይ ሳይታይ ያልፍና ከቀናት በኋላ በተጠቃሚው ገጽ ላይ ብቅ ይላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በዚህ ቋንቋ ላይ የቆመ ኩባንያ እንዴት ሊያድግ ቻለ? ያደገው በቋንቋው ምክንያት ነው ወይስ ቋንቋው እንቅፋት ቢሆንበትም?

ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ሲታይ

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መመዘኛ የሚሆኑ ሁለት ኩባንያዎች አሉ። ከፌስቡክ በፊት የነበረው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ፍሬንድስተር መጀመሪያ በጃቫ ቋንቋ የተሠራ ሲሆን፣ ገጾቹ ከመዘግየታቸው የተነሣ ተጠቃሚው ተስፋ ቆርጦ እስኪሄድ ያስጠብቁት ነበር። በ2004 አጋማሽ ድረ ገጹ ከጃቫ ወደ ፒኤችፒ ተዛወረ። ማለትም ፍሬንድስተርና ፌስቡክ በዚያው ዓመት አንድ ቋንቋ ይጠቀሙ ነበር፤ አንዱ እየከሰመ ሄደ፣ ሌላው ዓለምን አዳረሰ። የፍሬንድስተር ዋና ሸክም የነበረው ተመልካቹ ከሚያየው ሰው ጋር በማን በማን በኩል እንደሚተዋወቅ እየቆጠረ የማሳየቱ ሥራ ነው። የተጠቃሚው ቁጥር ሲጨምር ይህ ስሌት ከቁጥሩ በበለጠ ፍጥነት ያብጣል፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ አይቀልም። ፌስቡክ በበኩሉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ በየራሱ ዳታቤዝ ለይቶ ያስቀምጥ ስለነበር፣ አዲስ ትምህርት ቤት ሲጨመር የሚጨመረው ሌላ ሰርቨር ነበር እንጂ በነባሮቹ ላይ የሚከመር ሸክም አልነበረም። ይህ የአሠራር ንድፍ ጉዳይ ነው፤ ፒኤችፒ ምንም ድርሻ የለውም።

ሌላው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ማይስፔስ ደግሞ ኮልድፊውዥን በተባለ ቋንቋ ተጀምሮ ወደ ማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ መድረክ ወደ ዶትኔት ተሸጋገረ። ኒውስ ኮርፖሬሽን በ2005 የማይስፔስን እናት ኩባንያ በ580 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2011 ማይስፔስ የተሸጠው በ35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከዚህ ተነስቶ ዶትኔት ማይስፔስን ገደለው የሚል ክርክር ሲቀርብ ሰምቻለሁ፤ ግን አያስኬድም። በዚያው መድረክ ላይ የቆሙ፣ ትልቅ ትራፊክ ያለ ችግር የሚሸከሙ ብዙ ድርጅቶች አሉና። ክርክሩ ማስረጃ የሚያጣው ቋንቋን ለብቻው ነጥሎ ከስኬት ወይም ከውድቀት ጋር ስለሚያጋባ ነው፤ ቋንቋ ግን ወደ ገቢና ወጪ የሚደርሰው በሌላ ነገር በኩል አልፎ ነው።

ፒኤችፒ የሰጠው

ያ ሌላ ነገር አንድ መሐንዲስ ከሐሳብ ተነስቶ ውጤቱን እስኪያይ የሚወስድበት ጊዜ ነው። በፒኤችፒ የሚሠራ ሰው ፋይሉን ይከፍታል፣ አንድ መስመር ይቀይራል፣ ያስቀምጣል፣ ወደ ብራውዘሩ ሄዶ ገጹን ያድሳል፤ ለውጡ እዚያው ነው። የሚጠበቅ ኮምፓይለር የለም፣ የሚቆምና የሚነሳ ሰርቨር የለም። ሥራው በዚህ መንገድ ሲሆን ጥቂት ሰከንዶች፣ ኮምፓይል ማድረግና ሰርቨር ማስነሳት ሲጨመርበት ደቂቃዎች ይወስዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ደቂቃዎች ሲጠብቅ ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፤ ሲመለስም ምን እየሞከረ እንደነበር ለማስታወስ ሌላ ጊዜ ይፈጅበታል። በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ነገር ስለሆነ፣ አንድ ሰው በሳምንት ስንት ሐሳብ ሞክሮ ስንቱን እንደሚጥል የሚወስነው ይህ ነው። ተጠቃሚው ምን እንደሚወድ አስቀድሞ ሊታወቅ በማይችልበት ንግድ ውስጥ ደግሞ ብዙ መሞከር ራሱ የንግድ አቅም ነው።

ሁለተኛው ስጦታ ብዙም የማይነገርለት ነው። ፒኤችፒ እያንዳንዱን የገጽ ጥያቄ ከባዶ ማህደረ ትውስታ ይጀምረዋል፤ ገጹ ሲላክ ሁሉም ይጠፋል። በአንዱ ተጠቃሚ ጥያቄ ላይ የተፈጠረ ብልሽት ወደሚቀጥለው አይተላለፍም። ሁለት ክሮች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) አንድ እሴት ላይ ሲጋጩ የሚፈጠረው፣ ለማግኘት ሳምንታት የሚፈጀው ዓይነት ስህተት እዚህ ቦታ የለውም። ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው የሚያስታውሱት ነገር ስለሌለ ትራፊክ ሲጨምር ተመሳሳይ ሰርቨር ጎን ለጎን መጨመር ይቻላል። ስለዚህ ቋንቋው በዓይነት አያያዙ (ቁጥርን ከጽሑፍ በመለየቱ) የተዝረከረከ ይሁን እንጂ በአፈጻጸም ሥርዓቱ እጅግ የተገራ ነው፤ ነቃፊዎቹ የመጀመሪያውን ሲያዩ ሁለተኛውን አያዩም።

ሸክሙን ማከፋፈል

ፌስቡክ ሁሉን ነገር በፒኤችፒ ልሥራ ብሎ አልታገለም፤ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ብልህነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፍለጋን፣ የዜና ፍሰትን (ኒውስ ፊድን)፣ ማስታወቂያን የመሳሰሉ ብዙ ስሌት የሚጠይቁ ክፍሎች ከጀርባ ራሳቸውን ችለው ሲ ፕላስ ፕላስን በመሰሉ ቋንቋዎች ተሠሩ። ፒኤችፒ ከእነርሱ መልስ ተቀብሎ ገጹን የሚያቀናብር የፊት ክፍል ሆነ። በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፉ ክፍሎች እንዲነጋገሩ ኩባንያው ትሪፍት የተባለ መሣሪያ ሠርቶ በ2007 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገ። ከዚያ በኋላ «የትኛው ቋንቋ» የሚለው ጥያቄ የኩባንያው መሆኑ ቀርቶ የየክፍሉ ሆነ።

የዚህ አሠራር አንድ ማሳያ በ2008 የተከፈተው የመልእክት መለዋወጫ ነው። በአንድ ጊዜ ለ70 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች የሚከፈት አገልግሎት ነበር፤ አብዛኛው ሥራውም ምንም ሳይላክ ክፍት ሆኖ የሚጠብቅ ግንኙነትን መያዝ ነው። ጥያቄው ሲያልቅ ሁሉን የሚረሳው ፒኤችፒ ለዚህ ፈጽሞ አይመችም። መሐንዲሶቹ ለመልእክት ማስተላለፊያው ክፍል ለስልክ መገናኛ ሥርዓቶች የተፈጠረውን ኤርላንግን መረጡ፤ ሠራም። ሆኖም ያ ክፍል ከጊዜ በኋላ ኩባንያው በስፋት ወደሚያውቀው ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ተዛወረ። ይኸው ኩባንያ በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ፣ ዋትስአፕ 32 መሐንዲሶች ብቻ ይዞ በኤርላንግ 450 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችን ያገለግል ነበር። ቋንቋው ያው ኤርላንግ ነው፤ የሚሠራው ሥራም በባሕርዩ ያው መልእክት ማድረስ ነው። በአንደኛው ቤት ግን ሁሉም የሚኖርበት ቋንቋ ነበር፤ በሌላኛው እንግዳ ነበር። ቋንቋን የሚያቆመው በዙሪያው ያለው የሰው ብዛትና ልምድ መሆኑን እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያሳያሉ።

ዕዳው ሲጠየቅ

የፒኤችፒ ዕዳ የመጣው በሰርቨር ቁጥር በኩል ነው። ገጽ በተጠየቀ ቁጥር ኮዱን እየተረጎመ በሚያስኬድ ፕሮግራም፣ ማለትም በኢንተርፕሪተር፣ ማስኬድ ብዙ የፕሮሰሰር ጉልበት ይበላል። መቶ ሰርቨር ላለው ድርጅት ይህ ጥቂት ማሽን ከመጨመር አያልፍም፤ ከአንድ መሐንዲስ ደመወዝ በታች የሆነ ወጪ ሊሆን ይችላል። በፌስቡክ መጠን ግን ብዙ ሺህ ማሽኖች፣ ኤሌክትሪክና የመረጃ ማዕከል ሕንፃ ማለት ነው። ስለዚህ «ቀርፋፋ ቋንቋ ውድ ነው» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ኩባንያው ካደገ በኋላ ነው፤ ብዙ ኩባንያዎች ደግሞ እዚያ አይደርሱም።

ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሁሉን ኮድ በሌላ ቋንቋ እንደገና መጻፍ ነው። ይህን የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ አዲሱ እስኪያልቅ አሮጌው ቆሞ እንደማይጠብቅ ነው። በየቀኑ አዲስ ነገር እየተጨመረበት ስለሚሄድ፣ የሚከተለው ቡድን ሁልጊዜ እየሸሸ የሚሄድ ነገር ያሳድዳል፤ አለዚያ አዲስ ሥራ ይቆምና ተወዳዳሪ ይቀድማል። ሁለተኛው የከበዱትን ክፍሎች ብቻ እየመረጡ በሲ ፕላስ ፕላስ ወደ ፒኤችፒ ማስፋፊያነት (ከቋንቋው ጋር ወደሚገጠም ተጨማሪ ክፍል) መቀየር ነው። በቴክኒክ በኩል ይሠራል። ኩባንያው ሂፕሆፕን ይፋ ሲያደርግ በዚህ መንገድ ላይ ያነሳው ተቃውሞ ግን ስለ ሰው ነበር፤ የሥራው ልብ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ሲገባ፣ መላውን ፕሮግራም ሊነካ የሚችል መሐንዲስ ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል የሚል ነበር። ለእኔ የመላው ጉዳይ ቁልፍ ይህ ነው። ኩባንያው ሲመዝን የነበረው አንድን ሐሳብ አንስቶ ከዳር እስከ ዳር ማድረስ የሚችሉ ሰዎች ብዛትን ነው፤ የፕሮሰሰር ፍጥነት ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ሰዎቹን በፒኤችፒ እየጻፉ እንዲቀጥሉ ትቶ ከሥር ያለውን ማሽን መቀየር ነው። ሃይፒንግ ዣው የተባለው መሐንዲስ የጀመረው ሥራ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ እንደሚቻል ታየ፤ ሌሎች መሐንዲሶች ተጨምረው ኮዱን ለመጨረስ አሥር ወር፣ በእውነተኛ ሰርቨሮች ላይ ለመፈተሽ ስድስት ወር ፈጀ። ይፋ ሲደረግ ከድረ ገጹ ትራፊክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በእርሱ ይሄድ ነበር፤ የዌብ ሰርቨሮቹ የፕሮሰሰር ፍጆታም እንደየገጹ ቢለያይም በአማካይ በ50 በመቶ ያህል ቀንሷል። ለጥቂት ሰዎች የሁለት ዓመት ሥራ ይህ እጅግ ትልቅ ክፍያ ነው።

ነገር ግን ሂፕሆፕ ያንኑ ሊያድነው የተነሳውን ነገር መንካቱ አልቀረም። መላው ድረ ገጽ ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጣው አንድ ፋይል በ2012 1.5 ጊጋባይት ያህል ደርሶ፣ ወደ ሰርቨሮቹ የሚሰራጨው ማሽኖች ፋይል እርስ በርስ በሚካፈሉበት በቢትቶረንት ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን በየለውጡ ሊጠብቁ ስለማይችሉ ጠረጴዛቸው ላይ በኢንተርፕሪተር ይሠሩ ነበር፤ ተጠቃሚው ዘንድ ግን የሚሄደው ኮምፓይል የተደረገው ነው። ሁለቱ በጥቂቱ በተለያዩ ቁጥር አንዱ ጋር የማይታይ ስህተት ሌላው ጋር ይወለዳል። ኩባንያው ይህን የተረዳው ቶሎ ነው። በ2010 ኤችኤችቪኤም የተባለውን፣ ኮዱን እያስኬደ በዚያው ቅጽበት ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ቨርቹዋል ማሽን መሥራት ጀመረ፤ በ2013 መጀመሪያ አሮጌውን ኮምፓይለር በእርሱ ተካ። መሐንዲሱም ሰርቨሩም የሚጠቀሙት አንድ ማሽን ሆነ፤ የማስቀመጥና የማደስ ልማዱም ተጠበቀ።

ቀሪው ዕዳ የዓይነቱ መዝረክረክ ነበር። ማርች 2014 ይፋ የሆነው ሃክ የተባለ ቋንቋ ይህን የፈታበት መንገድ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ሃክ የፒኤችፒ ልጅ ነው። በፋይሉ መጀመሪያ ያለችውን ምልክት መቀየር ብቻ ወደ እርሱ መግባት ነው፤ ዓይነቶችን ደግሞ መሐንዲሱ በተመቸው መጠን ቀስ በቀስ ይጨምራል። ይህ ተግባር ቁጥር ይቀበላል፣ ያኛው ጽሑፍ ይመልሳል፣ ይህ እሴት ባዶ ሊሆን ይችላል ብሎ በጻፈ ቁጥር አንድ መርማሪ ፕሮግራም ከኋላ ሆኖ ፋይሎቹን ይጠብቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ200 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜም ስህተቱን ይነግረዋል። ጣቱ ከቁልፉ ሳይነሳ ማለት ይቻላል። መርማሪው ራሱ የተጻፈው ኦካምል በተባለ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ በሚመች ሌላ ቋንቋ ነው። ሃክ ይፋ ሲሆን የኩባንያው የፒኤችፒ ኮድ በሞላ ጎደል በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ እርሱ ተሸጋግሮ ነበር። እንደገና መጻፍ የሚባለው ነገር፣ አንድም ቀን ሥራ ሳይቆም፣ ፋይል በፋይል ተከናወነ ማለት ነው።

ለሌላ ኩባንያ የሚተርፈው

ይህን ታሪክ አንብቦ «ስለዚህ ቋንቋ ምንም አይደለም» ማለት ስህተት ነው፤ ኩባንያው ለቋንቋው ሲል ኮምፓይለር፣ ቨርቹዋል ማሽንና አዲስ ቋንቋ ሠርቷል፤ ምንም ለማይደለ ነገር እንዲህ አይደከምም። «ፒኤችፒ መልካም ምርጫ ነበር» ማለትም የሚያስኬደው በከፊል ነው። ቋንቋው ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍጥነት ሰጠ፤ በዚያ ፍጥነት የተገኘው ዕድገት ገንዘብ አመጣ፤ ገንዘቡ ደግሞ የቋንቋውን ጉድለት ለመጠገን ዋለ። በ2012 ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቶ ወደ አክሲዮን ገበያ የወጣ ኩባንያ ይህን መክፈል ይችላል። 20 መሐንዲሶች ያሉት ኩባንያ ግን አይችልም፤ ስለዚህ እርሱ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር የተለየ ነው፤ ያሉኝ ሰዎች ዛሬ በምን በፍጥነት ይሠራሉ፣ ነገ ሲሄዱ ሌላ ሰው አገኛለሁ ወይ፣ ቢከብደኝ አንዱን ክፍል ሌላውን ሳልነካ መቀየር እችላለሁ ወይ የሚሉትን መጠየቅ አለበት። ከሦስቱ የመጨረሻው በስብሰባ ላይ ሲነሳ ብዙም አይሰማም፤ ፌስቡክን ያዳነው ግን እርሱ ነው።

የኩባንያው መንገድ ዋጋም ነበረው። ዲሴምበር 2015 ፒኤችፒ 7 ሲወጣ ፍጥነቱ ከቀዳሚው በእጥፍ ገደማ አደገ፤ ኤችኤችቪኤም የፈጠረው ፉክክር ለዚህ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። በ2014 ወደ ኤችኤችቪኤም ተዛውሮ የነበረው ዊኪፔዲያ በ2019 ወደ ፒኤችፒ ተመለሰ። ኤችኤችቪኤምም በዚያው ዓመት ፒኤችፒን ማስኬድ አቆመ፤ ከዚያ በኋላ የሚያውቀው ሃክን ብቻ ሆነ። የሥራ መልእክት መለዋወጫ የሆነውን ስላክን ከመሳሰሉ ጥቂቶች በቀር ከኩባንያው ውጭ ሃክን የሚጠቀም የለም ማለት ይቻላል። ኩባንያው (ከ2021 ጀምሮ ስሙ ሜታ ነው) የሚቀጥረው መሐንዲስ ቋንቋውን የሚማረው ሥራ ከገባ በኋላ ነው፤ ቋንቋውን የሚያሻሽለው፣ የሚጠግነውና መመሪያውን የሚጽፈውም ደመወዝ የሚከፍለው ራሱ ኩባንያው ነው። በ2004 ማንም ሳይከፍልበት ከተገኘ ቋንቋ ተነስቶ የተደረሰበት ቦታ ይህ ነው።